እሽክርክሪቷ ወደቀች ወይስ አልወደቀችም?

መጨረሻው ላይ የሚሰማውን ድምፅ እወደዋለሁ። የፊልሙን ማለቴ አይደለም፣ የሰዉን። ጠረጴዛ ላይ አንዲት ትንሽ እሽክርክሪት ትዞራለች። ካሜራው ቀስ እያለ ይጠጋታል። ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትንሽ ነቅነቅ ትላለች... ድርግም! ጨለማ። የፊልሙ ስም ብቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት አዳራሹ ሙሉ ሰው አንድ ላይ ይተነፍሳል። አንዱ "ኧረ በናታችሁ!" ይላል። ሌላው ይስቃል። እኔ ባየሁበት ቀን ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ እጁን ጭኑ ላይ ጠፍ አድርጎ መታ።

ፊልሙ ኢንሴፕሽን ነው። የወጣው በ2010 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ይህቺን ድምፅ በደንብ ያውቃታል። በ2015 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂዎች ንግግር ሲያደርግ ራሱ አንስቷታል። ሲኒማ ቤት ከኋላ ገብቶ ያያል፣ መጨረሻዋ ስትደርስ ሰው ሳያገኘው ሹልክ ይላል፣ ሰዉ ደግሞ ያጉረመርማል። ከፊልሞቹ ሁሉ አብዝቶ የሚጠየቀውም ይህንኑ ነው፤ ህልም ነው ወይስ እውነት?

ያጉረመረመው ሰው ግን ፊልሙን ጠላው ማለት አይደለም። 160 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ከ800 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአዳራሽ የሚወጡ ተመልካቾችን ውጤት ስጡ የሚለው ሲኒማስኮር ደግሞ ቢ ፕላስ ሰጥቶታል። ቢ ፕላስ ጥሩ ነው፣ ግን ለእንዲህ ያለ ተወዳጅ ፊልም ዝቅ ያለ ነው። ሰዉ ወዶታል፣ ግራም ገብቶታል። እኔ ላብራራ የፈለግኩት ይህን ግራ መጋባት ነው። ግማሹ በቀላሉ ይፈታል። ግማሹ እንዳይፈታ ሆኖ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል።

ያላያችሁት ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፣ ሁሉንም ልዘረግፈው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኮብ ሌባ ነው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ነው የሚጫወተው። የሚሰርቀው ከተኛ ሰው ጭንቅላት ነው፤ ህልም ውስጥ ገብቶ ምስጢር ይዞ ይወጣል። ሳይቶ የተባለ ጃፓናዊ ባለሀብት ግን ተቃራኒውን ያዘዋል። አትስረቅ፣ አስቀምጥ ይለዋል። ሮበርት ፊሸር የሚባል ወራሽ አለ፣ አባቱ ግዙፍ ኩባንያ ትቶለት ሊሞት ነው። እዚህ ልጅ አእምሮ ውስጥ "የአባቴን ኩባንያ እበትነዋለሁ" የሚል ሐሳብ ይተከል። ሐሳቡ ግን የራሱ መስሎት ይንቃ። ኮብ ለምን እሺ ይላል? ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ስለሚፈለግ አሜሪካ መግባት አይችልም፣ ሁለት ትናንሽ ልጆቹ ግን እዚያ ናቸው። ሳይቶ በአንድ ስልክ ክሱን አነሣልሃለሁ ብሎታል።

በቃ። ህልሙን ብታነሡት የሚቀረው ተራ የዝርፊያ ፊልም ነው። ቡድን ይሰበሰባል፣ ዕቅድ ይወጣል፣ ካዝና ይከፈታል፣ ዕቅዱ ይበላሻል። ስለዚህ "ታሪኩ አልገባኝም" የሚል ሰው ሳገኝ ትንሽ እጠረጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያልገባው ታሪኩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው።

በፊልሙ ሕግ ህልም ውስጥ ጊዜ ይለጠጣል። ለዚህ ሥራ በሚወስዱት ከባድ የማስተኛ መድኃኒት ደግሞ ሃያ እጥፍ ይሆናል። ህልም ውስጥ ተኝታችሁ ሌላ ህልም ብታዩ እንደገና ሃያ እጥፍ። እዚያም ብትተኙ እንደገና። እስቲ እናስላው። ፊሸርን የሚያስተኙት ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚበር አውሮፕላን ላይ ነው፤ 10 ሰዓት አላቸው። በሃያ ሲባዛ 200 ሰዓት፣ ስምንት ቀን ገደማ። ይህ የመጀመሪያው ህልም ነው። ሁለተኛው 4,000 ሰዓት ይሆናል፣ አምስት ወር ተኩል። ሦስተኛው 80,000 ሰዓት፣ ዘጠኝ ዓመት። ፊልሙ ውስጥ ቁጥሮቹን አጠጋግተው ሳምንት፣ ስድስት ወር፣ አሥር ዓመት ይሏቸዋል። ያን ያህል ጊዜ ግን አይቆዩም፤ የሚያሳድዳቸው ስላለ ሥራውን ጨርሰው መንቃት አለባቸው።

አሁን ወደዚያች መኪና እንምጣ። የመጀመሪያው ህልም ውስጥ አንድ ነጭ መኪና የተኙ ሰዎች ጭኖ ከድልድይ ሊወድቅ ነው። ሊዘል 10 ሴኮንድ ቀርቶታል። 10 ሴኮንድ በሃያ 200 ሴኮንድ ነው፤ ሁለተኛው ህልም ሆቴል ነው፣ እዚያ ያለው የኮብ ባልደረባ አርተር ሦስት ደቂቃ አለው ማለት ነው። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ እንደገና በሃያ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ። ሦስተኛው ህልም ውስጥ፣ በረዷማው ተራራ ላይ ያሉት ሰዎች ስንት ቀረን ሲባባሉ ስልሳ ደቂቃ የሚሉት ለዚህ ነው። መኪናዋ በአየር ላይ ቀርታ ቀርታ አልወድቅ የምትለውም ለዚሁ ነው። ዳይሬክተሩ በዝግታ ያሳየው ለውበት ብቻ አይደለም። እኛ ታች ሆነን ወደ ላይ ስናይ እንዲያ መምሰል ስላለበት ነው።

በፊልሙ የመጨረሻ ሰዓት ላይ የምናየው እንግዲህ በተለያየ ፍጥነት የሚሄዱ አራት ሰዓቶችን ነው፣ እየተፈራረቁ። አእምሮ ታሪክ መከተል ይችላል። አራት ሰዓት አንዴ ማንበብ ግን አልለመደም። ግራ መጋባቱ ከዚህ ይመጣል።

አንድ መላ ልንገራችሁ። ግራ ሲገባችሁ "አሁን የማን ህልም ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱ ህልም ባለቤት አለው። ቡድኑ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ባለቤቱ አብሮ አይወርድም፣ ህልሙ እንዳይፈርስ እዚያው ይቀራል። የመጀመሪያው ህልም፣ ዝናባማው ከተማ፣ የቡድኑ አባል የዩሱፍ ነው፣ ስለዚህ መኪናዋን የሚነዳው ዩሱፍ ነው። ሆቴሉ የአርተር ነው፣ ኮሪደሩ ላይ የሚደባደበው አርተር ነው። በረዶው የሌላው የቡድኑ አባል የኢምስ ነው። ይህን ከያዛችሁ ማን ለምን የት እንደቀረ አይጠፋችሁም።

ዝናቡ ራሱ የሚያስቅ ነው። ከተማው ላይ የሚዘንበው ዩሱፍ ከመተኛቱ በፊት መጠጥ አብዝቶ ሽንቱ ስለመጣ ነው። ጓደኞቹ ያሾፉበታል። ፊልሙ ውስጥ ሰው የሚስቅባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፣ ይህ አንዱ ነው።

ኮሪደሩን ደግሞ ብዙ ተመልካች የኮምፒውተር ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። እንግሊዝ አገር ካርዲንግተን በሚባል ቦታ፣ በድሮ የአየር መርከብ ማቆሚያ ውስጥ፣ 30 ሜትር የሚሆን ኮሪደር ሠርተው እንደ በርሜል አሽከርክረውታል። ተዋናዩ ጆሴፍ ጎርደን ሌቪት ሳምንታት ተለማምዶ ውስጡ ሮጧል፣ ተንከባሏል፣ ግድግዳው ወለል ወለሉ ጣሪያ ሲሆን ተደባድቧል። ያን ትዕይንት ስታዩ ሰውነታችሁ የሚያምነው ክብደት በእውነት እዚያ ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ግን የተመልካች ትክክለኛ ቅሬታ አለ። ሆቴሉ ውስጥ ክብደት የጠፋው መኪናዋ እየወደቀች ስለሆነ ነው፣ እሺ። ታዲያ ሆቴሉ ውስጥ የተኙት ሰዎችም በአየር ላይ እየተንሳፈፉ ነው። በረዶው ላይ ያሉት ለምን አይንሳፈፉም? እነሱ በደህና እግራቸው ተራራ ላይ ሲሮጡ ነው የምናያቸው። ወዳጆቹ ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ፤ ስሜቱ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል ይላሉ። እኔን አያሳምነኝም። ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳ ነው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር የበረዶው ክፍል በጠቅላላ ከፊልሙ የደከመው ቦታ ነው። ማን ማንን እንደሚተኩስ አይለይም፣ ሁሉም ነጭ ለብሷል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እዚያ ላይ አሸልቦኝ ነበር። ስለ ህልም በተሠራ ፊልም ላይ!

ሌላው ተደጋግሞ የሚነሣው ቅሬታ "ህልሞቹ ህልም አይመስሉም" የሚለው ነው። የእኛ ህልም ውስጥ ሟች አክስታችን የሥራ አለቃ ሆና ትመጣለች። ክፍሉ ሐይቅ ይሆናል። ፈተና ላይ ያለ ልብስ እንቀመጣለን። ኮብ ህልም ውስጥ ግን ሱፍ የለበሱ ሰዎች በሥርዓት ይተኳኮሳሉ። በ2006 የወጣው ፓፕሪካ የተባለ የጃፓን አኒሜሽን እንዲሁ ወደ ሰው ህልም የሚያስገባ መሣሪያ አለው፤ እዚያ ግን ፍሪጅና እንቁራሪት በሰልፍ ሲዘፍኑ ይሄዳሉ። ያንን ያየ ሰው ኖላንን "ቀዝቃዛ" ቢለው አይፈረድበትም።

የፊልሙ መልስ ግማሽ ያሳምናል። እነዚህ ህልሞች ሰው ሠራሽ ናቸው። አርክቴክት ቀድሞ ነድፏቸዋል፣ ዓላማቸውም ተኝቶ የሚታለለው ሰው እንዳይጠረጥር ነው። እንግዳ ነገር ከታየ ፊሸር ይባንናል። ስለዚህ ህልሙ አሰልቺ መሆን አለበት። ይህ ብልህ መልስ ነው። ቢሆንም ሰው ስለ ህልም ፊልም ብሎ ገብቶ አሰልቺ የሆነው ሆን ተብሎ ነው ቢባል ቅር ይለዋል።

ለመሆኑ ሳይንሱ ምን ይላል? ጊዜ የሚለጠጠው ነገር እውነት አይደለም፣ አመጣጡ ግን ደስ ይላል። አልፍሬድ ሞሪ የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ነበረ። በ1861 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ህልሙን ይተርካል። የፈረንሳይ አብዮት ዘመን ላይ ነው። ግድያ ያያል፣ ይያዛል፣ ችሎት ፊት ይቀርባል፣ ይፈረድበታል። በጋሪ ተጭኖ ሕዝብ መሐል ያልፋል። ጊሎቲኑ ላይ ይጋደማል። ስለቱ ሲወርድ፣ አንገቱ ሲቆረጥ ይሰማዋል፣ ባንኖ ይነሣል። ለካስ የአልጋው ራስጌ ወልቆ አንገቱ ላይ ወድቆበት ነው! ሞሪ እንዲህ አሰበ፤ እንጨቱ ከመታኝ እስክነቃ አንድ ቅጽበት ነው፣ ያ ሁሉ ታሪክ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ታለመ ማለት ነው። ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ኖረ። ኖላንም ፊልሙን ያቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

በ1953 ግን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓይን ከቆቡ ሥር ፈጠን ፈጠን እያለ የሚንቀሳቀስበት የእንቅልፍ ክፍል ተገኘ። ደማቅ ህልም የሚበዛው እዚያ ነው። በ1957 ዲመንትና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች ተኝተው የነበሩ ሰዎችን አንዳንዴ ይህ ክፍል ከተጀመረ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ አንዳንዴ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ እየቀሰቀሱ ምን ያህል አለማችሁ ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ በአብዛኛው በትክክል መለሱ። የህልም ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ብዙ አይርቅም። ቆይቶም ስታንፎርድ ላይ ስቲቨን ላበርዥ ህልም ላይ መሆናቸውን እያወቁ የሚያልሙ ሰዎችን በዓይናቸው ምልክት እያሰጠ ህልም ውስጥ አስቆጠራቸው። አሥር ለመቁጠር የወሰደባቸው ጊዜ ሲነቁ ከሚወስድባቸው እምብዛም አልተለየም።

ውሃውን ግን ፊልሙ በትክክል ይዞታል። መጀመሪያ አካባቢ ኮብን ለመቀስቀስ ገንዳ ውስጥ ሲጥሉት ህልሙ ውስጥ በየመስኮቱ ጎርፍ ይገባል። በ1958 ተመራማሪዎች የተኙ ሰዎች ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ረጩ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ብርሃን አበሩ። ከሦስቱ ህልም ውስጥ ዘልቆ መግባት የሚቀናው ውሃው ነበር። ስለዚህ የዩሱፍ ሽንት ዝናብ መሆኑ ያን ያህል ፈጠራ አይደለም።

ከሁሉ የምወደው ግን ካፌው ነው። ኮብና አሪያድኒ ፓሪስ ውስጥ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ህልሞቹን እንድትነድፍ የቀጠራት ተማሪ ናት፣ ገና ሥራውን እያስረዳት ነው። ሰው ያልፋል፣ ሲኒ ይንኳኳል። ያወራሉ። ከዚያ ይጠይቃታል፤ ለመሆኑ እዚህ እንዴት መጣን? ልጅቷ ልትመልስ አፏን ትከፍታለች፣ መልስ የላትም። ህልም ላይ ናቸው። ህልም መጀመሪያ የለውም፣ ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ነው የምንገኘው ይላታል። ልጅቷ ስትደነግጥ ካፌው በዙሪያቸው ይፈነዳል። ፍራፍሬው፣ ወረቀቱ፣ ድንጋዩ በአየር ላይ ይበተናል።

ይህ በሳይንሱም ይሄዳል። በዚያ የእንቅልፍ ክፍል ላይ የአእምሮ የፊተኛው ክፍል፣ "ቆይ፣ ይሄ ነገር እንዴት ሆነ?" የሚለው፣ ሥራው ቀዝቀዝ ይላል። አክስቴ ሞታ የለ እንዴ ብለን የማንጠይቀው ለዚህ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። አሪያድኒ ካፌው እንዴት እንደመጣች አላወቀችም። እኛስ? እኛም አላየንም። ከአንድ ትዕይንት ወደ ካፌው ተቆርጦ ሲመጣ ምንም አልመሰለንም። ፊልም እንዲህ ነዋ። ሰው በር ይከፍታል፣ ተቆረጠ፣ ሌላ አገር ነው፤ ማንም "አውሮፕላኑስ?" አይልም። ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው እንደተኛ ሰው ነው፣ የመጣለትን ይቀበላል። ኖላን አዲስ ተንኮል አልፈጠረም። ሁሌ የምንታለልበትን ተራ ነገር ወስዶ "እዩ፣ እንዲህ ነው የምትታለሉት" አለን። ከዚያም እያየን መልሶ አታለለን።

ድምፁም ላይ እንዲሁ አድርጓል። ያ ወንበር የሚያንቀጠቅጠው "ቧምምም" የሚል የጥሩንባ ድምፅ አለ አይደል፣ ከዚያ በኋላ የማስታወቂያ ፊልም ሁሉ የኮረጀው? ፊልሙ ውስጥ ለመንቃት ጊዜው መድረሱን የሚያስታውቃቸው የፈረንሳዊቷ ዘፋኝ የኤዲት ፒያፍ ዘፈን ነው። ሙዚቃውን የሠራው ሃንስ ዚመር ያንኑ ዘፈን በጣም አዝግሞ ከሱ ያንን ድምፅ አወጣ። በፊልሙ ሕግ ታች ያለ ሰው ከላይ የሚመጣ ዘፈን የሚሰማው እንዲህ ተጎትቶ ነው። እኛ የሰማነው የተጎተተውን ነው። ስለዚህ እኛ የት ነን?

ወደ መጨረሻው እንመለስ። ኮብ እሽክርክሪት ይዞ ይዞራል። ቶተም ይሏታል። ህልም ላይ ከሆነ ሳትቆም ትዞራለች፣ እውነት ላይ ከሆነ ትወድቃለች። ቤቱ ገባ፣ አሽከረከራት፣ ልጆቹ ዞረው ፊታቸውን አሳዩት፣ ትቷት ሄደ። ካሜራው ግን ቀረ።

"እውነት ነው" የሚለው ወገን ጠንካራ ማስረጃ ይዟል። አንደኛ ቀለበቱ። ኮብ ህልም ውስጥ የጋብቻ ቀለበት አለው፣ ነቅቶ ሲሆን የለውም፤ መጨረሻ ላይ ጣቱ ባዶ ነው። ሁለተኛ ልጆቹ። ቸኩለን ስናይ በትዝታው እንደነበሩት ይመስላሉ፣ ግን የተዋናዮች ዝርዝር ላይ ሁለቱም ልጆች በሁለት ሁለት ዕድሜ ተጽፈዋል። ሦስተኛ የኮብን አማት የሚጫወተው ማይክል ኬን። በ2018 ለንደን ላይ ፊልሙ ሊታይ ሲል እንዳወራው፣ ጽሑፉን አንብቦ የትኛው ህልም የትኛው እውነት እንደሆነ ስላልገባው ኖላንን ጠየቀው፤ አንተ ያለህበት ሁሉ እውነት ነው አለው። ኬን ደግሞ መጨረሻው ላይ አለ። ለተዋናይ የተሰጠ ማረጋጊያም ሊሆን ይችላል፣ እኔ እንጃ።

"ህልም ነው" የሚለው ወገን ደግሞ እሽክርክሪቷን ራሷን ይከሳል። የቶተም ሕግ ሌላ ሰው አይንካብህ ነው። እሷ ግን መጀመሪያ የሚስቱ ነበረች። እንዴት እንደምትሠራም ለአሪያድኒ በአፉ ነግሯታል። ደግሞስ ቶተም የሚነግርህ ሌላ ሰው ህልም ውስጥ አለመሆንህን ነው፤ የራስህ ህልም ላይ ብትሆን ጠባይዋን የምታውቀው አንተው አይደለህም? ብትወድቅ ምን ታረጋግጣለች? በዚያ ላይ እውነት የተባለው ዓለም ራሱ ህልም ይመስላል። ሞምባሳ ላይ ሲያሳድዱት ሁለት ግድግዳዎች እየጠበቡ መጥተው ሊያጣብቁት ሲሉ አስታውሱ። የሞተችው ሚስቱም ህልሙ ውስጥ እየመጣች ይህንኑ ትለዋለች፤ ስም የለሽ ኩባንያዎች በየአገሩ የሚያሳድዱህ ሰውዬ፣ ይህ ሕይወት ይመስልሃል?

ዳይሬክተሩ ራሱ ፕሪንስተን ላይ ያለው የኮብን ነገር ነው፤ ኮብ ከልጆቹ ጋር ነው፣ ግድ አልሰጠውም። ህልም እንደ ፈቺው ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ እኔ ግን እንዲያ ማለቱ ስንፍና ይመስለኛል። ነገሩ ወደ ቅኔ ይጠጋል። ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞክረው ያንን ነው፣ ከሥር የተደበቀ አንድ መልስ ያለ ይመስለዋል። ይህ ግን ኅብር ነው። አንዷ ነገር ሁለቱንም ፍች ተሸክማለች፣ አንዱን ጣል ብትባል ቅኔው ይፈርሳል። እሽክርክሪቷ ብትወድቅ ኖሮ "እንኳን ደስ ያለህ" ብለን እንወጣ ነበር። ባትወድቅ "ወይኔ ምስኪን" እንል ነበር። በዚያው ሳምንት እንረሳዋለን።

ሰሞኑን ከታናሽ እህቴ ጋር ደግሜ አየሁት። እሷ የመጀመሪያዋ ነው። መብራት ሲበራ ስለ እሽክርክሪቷ ትጠይቀኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ተቀምጬ ነበር። "ፊሸርስ?" አለችኝ።

እውነትም፣ ፊሸርስ? በረዶው ላይ፣ ካዝናው ሲከፈት፣ የሚሞት አባቱን አገኘ። አባቱ ያዘነው ልጁ እሱን ለመሆን በመድከሙ መሆኑን ነገረው። አልጋው አጠገብ በነፋስ የምትዞር የወረቀት መጫወቻ ነበረች፣ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በተነሣው ፎቶ ላይ የያዛት። እሷን አንሥቶ አለቀሰ። ብዙ ተመልካች አብሮት አልቅሷል፣ እኔም ጭምር። ትዕይንቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቀነባበረ ነው። ሌቦች ጽፈውታል፣ ሌቦች አዘጋጅተውታል። ፊልሙ ስለ ፊልም ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች ቡድኑን በዚህ ይተረጉሙታል፤ ኮብ ዳይሬክተር፣ አሪያድኒ የመድረክ ነዳፊ፣ ኢምስ ተዋናይ፣ ሳይቶ ገንዘብ ከፋይ። ፊሸር ተመልካቹ ነው።

"ሰውየው እኮ ተበልቷል" አለች እህቴ። "አባቱ አይወደውም ነበር። አሁን ይወደኛል ብሎ ሊኖር ነው። ማንም አልጠየቀለትም።"

ሁለት የሚዞሩ መጫወቻዎች አሉ ፊልሙ ውስጥ። አንዷን ዓለም ሁሉ ከ2010 ጀምሮ ወደቀች አልወደቀች ይላታል። ሁለተኛዋን እስከዚያች ቀን እኔም አላስተዋልኳትም ነበር።

መልሰን አየነው፣ ከአውሮፕላኑ ጀምሮ። ሁሉም ይነቃሉ። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ኮብ ፓስፖርቱን አስመትቶ ያልፋል። ፊሸርም ከመንገደኛው መሐል ነው፣ ሻንጣው እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል።